ራስ ምታቱን ምች አትበሉት፦ ከሐዋሳ ተነሥቶ ባሌ ተራራ ለሚወጣ ሰው የከፍታ ሕመም መመሪያ

ሐዋሳ ላይ ሰው ራሱን ሲያመው ምክንያት አያጣም። አንዱ «ምች ነው» ይላል። ሌላው «ቡናዬን ስላልጠጣሁ ነው» ይላል። ሌላው እንቅልፍ ማጣቱን፣ የመኪና መንገዱን፣ ጨጓራውን ያነሣል። ከተማ ውስጥ ይህ ብዙ አይጎዳም። ዳማ ከሴው ይታሻል፣ ቡናው ይፈላል፣ ሕመሙም ያልፋል። የባሌ ተራራ አምባ በሆነው ሳነቴ ላይ ግን ለራስ ምታት የተሳሳተ ስም መስጠት ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ይህን የምጽፈው ቅዳሜ ማለዳ የሐዋሳው ታቦር ተራራ ላይ ቆመው ሐይቁን ቁልቁል እያዩ «ቀጥሎ ባሌ ነው» ለሚባባሉ ሁሉ ነው። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ሂዱ። ቀይ ቀበሮን በዓይን ማየት፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ጅብራ ሥር መቆም የሚረሳ አይደለም። ግን ታቦርን ሺህ ጊዜ መውጣት እግር ያጠነክራል እንጂ ለከፍታ አያለማምድም። ለከፍታው ሌላ ዝግጅት አለው።

1. ከፍታውን በቁጥር እወቁት

ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጎባ ወደ 2,700 ሜትር ትጠጋለች። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለባት ዲንሾ 3,100 ሜትር ገደማ ናት። የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ያልፋል። ቱሉ ዲምቱ፣ ማለትም አዲስ አበባ መውጫ ላይ ያለው ሰፈር ሳይሆን ተራራው፣ 4,377 ሜትር ነው።

የከፍታ ሕመም ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። አየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ የትም ቦታ 21 በመቶ ገደማ ነው። ከፍ ሲባል የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። ግፊቱ ሲቀንስ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅንም ያንሳል። ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ የምትስቡት አየር ባሕር ዳርቻ ላይ ከምታገኙት ኦክስጅን 60 በመቶውን ያህል ብቻ ነው የሚሰጣችሁ። ሰውነት ይህን ይለምዳል። ግን ለመልመድ ሰዓት ሳይሆን ቀናት ይፈልጋል።

ባሌን የሚያታልል የሚያደርገው የመኪና መንገዱ ነው። ከጎባ ተነሥቶ ሳነቴን አቋርጦ ወደ ዶሎ መና የሚወርድ መንገድ አለ። ከእሱ የሚገነጠለው ደግሞ እስከ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ይወጣል። ሐዋሳ ላይ ማልዶ ቁርሱን የበላ ሰው በዚያው ቀን ማታ 4,000 ሜትር ላይ ድንኳን ሊተክል ይችላል። እግሩ አልደከመም፣ አላላበውም። ስለዚህ ምን ያህል እንደወጣ አይታወቀውም።

2. ጉዞውን በምታድሩበት ቦታ አቅዱ

ዋናው ቁጥር ቀን የደረሳችሁበት ከፍታ ሳይሆን ሌሊት የምትተኙበት ነው። ደንቡ እንዲህ ነው፦ ከ3,000 ሜትር በላይ የዛሬው መኝታ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ አይብለጥ። በየሦስትና አራት ቀኑ ደግሞ ባሉበት አንድ ቀን ማረፍ ነው። ቀን ከፍ ብሎ ውሎ ማታ ዝቅ ብሎ ማደር ጥሩ ነው፤ እንዲያውም ያለማምዳል።

ጊዜ ላለው ሰው እንዲህ ያለ ጉዞ ይመቻል። በመጀመሪያው ቀን ከሐዋሳ በሻሸመኔ፣ በኮፈሌ፣ በዶዶላ አድርጋችሁ ትሄዱና ከ3,000 ሜትር በታች ታድራላችሁ፤ ዶዶላም ሮቤም ይሆናል። ሁለተኛውን ሌሊት ዲንሾ። ሦስተኛውን በወብ ሸለቆ በኩል 3,500 ሜትር አካባቢ። አራተኛውን ጋርባ ጉራቻ ሐይቅ ዳር፣ 3,950 ሜትር ገደማ ላይ። ከዚያ ቱሉ ዲምቱን በቀን ወጥቶ መውረድ ነው።

ያላችሁ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ከሆነስ? ሳነቴን በመኪና ውጡ፣ ቀበሮውን እዩ፣ ፎቶአችሁን አንሡ፣ ከዚያ ጎባ ወርዳችሁ እደሩ። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን የሚያሳየው ከፍታው ላይ ከደረሱ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ፈጥኖ የሚጀምርበትም ጊዜ አለ። ወርዶ ያደረ ሰው ግን ከአብዛኛው አደጋ ይርቃል። በመጀመሪያው ሌሊት ሳነቴ ላይ ድንኳን መትከልን በፍጹም አልመክርም። ለምን እንደምል ወደታች እነግራችኋለሁ።

3. ከመነሣታችሁ በፊት ሐኪም አነጋግሩ

የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት፣ ደም ማነስ ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ከዚህ በፊት ከፍታ ላይ ታሞ የሚያውቅ ሰው ሳያማክር አይሂድ።

ለመከላከል የሚታዘዘው መድኃኒት አሴታዞላማይድ ይባላል። ብዙ ሰው ዲያሞክስ በሚለው ስሙ ያውቀዋል። የዓይን ግፊት ላለባቸው ሰዎችም ይሰጣል። ለአዋቂ የተለመደው መጠን 125 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ነው። ከመውጣት አንድ ቀን በፊት ይጀመራል። ጣትንና ከንፈርን ይነዝራል፣ ሽንት ያመላልሳል፣ ለስላሳ መጠጥን ጣዕም ያሳጣል። ይህ አያስደንግጣችሁ። የሰልፋ መድኃኒት የማይስማማው ሰው ግን ይህን ለሐኪሙ ይንገር። ከጓደኛ ኪስ ተቀብሎ የሚዋጥ መድኃኒት አይደለም። ቀስ ብሎ ለሚወጣ ጤነኛ ሰው ደግሞ ላያስፈልገው ይችላል።

ሁለት እምነቶችን ሐዋሳ ትታችሁ ሂዱ። አንደኛው «እኔ ስፖርተኛ ነኝ» የሚለው ነው። ጉልበት ከዚህ ሕመም አያድንም። እንዲያውም ጉልበታሙ ፈጥኖ ስለሚወጣ ቀድሞ ሲታመም ይታያል። ሁለተኛው «እኔ ደገኛ ነኝ» የሚለው ነው። ለብዙ ትውልድ ደጋ የኖሩ ኢትዮጵያውያን ሰውነት ከከፍታ ጋር እንዴት እንደተስማማ ተመራማሪዎች ሲያጠኑ ቆይተዋል። እውነት ነው። ግን ዓመታትን ሐዋሳ የኖረ ሰው የአገሩን ብርድ እንደሚረሳ ሁሉ ሰውነቱም ልምዱን ይረሳል። ከፍታ ላይ ተወልደው ቆላ ቆይተው የተመለሱ ሰዎች ሳንባቸው ውሃ ሲቋጥር ያጋጠመበት ጊዜ አለ።

4. ምግቡ፣ መጠጡ፣ አረማመዱ

በሶ ያዙ። በስኳር ወይም በማር የተበጠበጠ በሶ ምግብ የዘጋው ሰው እንኳን ይወርድለታል። ቆሎና ዳቦ ቆሎም ኪስ ውስጥ አይጥፋ። ውሃ ሽንታችሁ ገርጣ እስኪል ጠጡ። ከዚያ በላይ መጋት ግን ጥቅም የለውም፤ ከመጠን ያለፈ ውሃም ይጎዳል።

ቡና የለመዳችሁ አታቋርጡ። ሱሱ ሲቀር የሚመጣው ራስ ምታት ከከፍታው ጋር ይምታታባችኋል። ጀበናውን መሸከም ከባድ ከሆነ የተፈጨ ቡና በቂ ነው።

አረቄ «ለብርድ» ብላችሁ አትያዙ። አልኮልና የእንቅልፍ ኪኒን ሌሊት ትንፋሽን ያዳክማሉ። ጫትም እዚያ ቦታ አይሆንም። የምግብ ፍላጎትና እንቅልፍ ይዘጋል፤ እኛ ደግሞ የምንጠብቃቸው ምልክቶች እነዚያው ናቸው። የጾም ወቅት ከሆነ ጉዞውን ማዘግየት ይሻላል። ባዶ ሆድ 4,000 ሜትር ላይ ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው።

ስትራመዱ ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። አስጎብኚውና ፈረሰኛው አገራቸው ስለሆነ እንደ ሚዳቋ ነው የሚወጡት። ከመነሣታችሁ በፊት «ቀስ እንበል» ብላችሁ ንገሯቸው።

5. ጠዋትና ማታ ጠይቁ፤ «ደህና ነህ?» ብላችሁ ግን አይደለም

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ።

የኛን ሰው «እንዴት አደርክ?» ስትሉት «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላችኋል። ወይም «አልሐምዱሊላህ»። ሲያስመልስ ያደረም እንደዚያው ነው የሚለው። መዋሸቱ አይደለም፤ ሰላምታ ነው። በዚያ ላይ ይሉኝታ አለ። ሁሉም ገንዘብ አዋጥቷል፣ ፈቃድ ጠይቆ መጥቷል፣ መኪናው ተከራይቷል። «በኔ ምክንያት ጉዞው አይበላሽ» ብሎ ዝም ይላል። ዝም ባለ ቁጥር ይብስበታል።

ስለዚህ መልሱ «ይመስገን» ሊሆን የማይችል ጥያቄ ጠይቁ።

– ራስህን ያምሃል? ከአሥር ስንት ትሰጠዋለህ?
– ራት ምን ያህል በላህ? አቅለሽልሾሃል? አስመልሶሃል?
– ስትነሣ ያዞርሃል?
– ከትናንት ይልቅ ዛሬ ድካም በዝቶብሃል?
– ቁጭ ብለህ ሳለ ትንፋሽ ያጥርሃል? ያስልሃል?

እያንዳንዱን ሰው ለብቻው ፈቀቅ አድርጋችሁ ጠይቁት። በሰው ፊት የተጠየቀ ይደብቃል። በተለይ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰዎች አብረዋችሁ ካሉ ከወጣቶቹ የባሰ ይደብቃሉ። «ጋሼ፣ ራስዎን ያምዎታል? ራትዎን ሲበሉ አላየሁም» ማለት ነውር የለውም። ጥያቄውን የሚጠይቅ አንድ ሰው ከሐዋሳ ሳትነሡ ምረጡ። ያ ሰው «ዛሬ አንወጣም» የማለት ሥልጣን ይኑረው፤ ሁላችሁም አስቀድማችሁ ተስማሙበት። እሱን የሚጠይቅ ሌላ ሰውም ይኑር።

በኮቪድ ጊዜ የለመድነው ጣት ላይ የሚደረግ የኦክስጅን መለኪያ ካላችሁ ያዙት። ግን አትመኩበት። ጣት ሲቀዘቅዝ ይሳሳታል። 4,000 ሜትር ላይ ከ90 በመቶ በታች መውረድ የተለመደ ነው። ጥቅሙ ሁላችሁንም ለክቶ ከሌላው በጣም ያነሰውን ሰው ለማየት ነው።

6. ምልክቱን በስሙ ጥሩት

ከ2,500 ሜትር በላይ ራስ ምታት ካለ፣ ከእሱም ጋር ማቅለሽለሽ ወይም የምግብ መዘጋት፣ ማዞር፣ ያልተለመደ ድካም ከተጨመረ የከፍታ ሕመም ነው ብላችሁ ያዙት። ሌላ ነገር መሆኑ በግልጽ እስኪታወቅ ድረስ ስሙ ይኸው ነው።

ማጣራት ትችላላችሁ። ውሃ ይጠጣ፣ በሶ ይቅመስ፣ ቡናውን ይጠጣ፣ አንድ ሁለት ሰዓት ይረፍ። በዚህ ሙሉ በሙሉ ከለቀቀው ምናልባት ጥማት ወይም ሱስ ነበር። ካልለቀቀው በቃ፣ ከፍታው ነው። ዳማ ከሴውን ማሽተት አይከለከልም። ግን እሱን አሽትቶ ወደ ላይ መቀጠል አይቻልም።

ሌሊት ድንኳን ውስጥ የሚያስደነግጥ አንድ ነገር አለ። ጎረቤታችሁ ትንፋሹ ለጥቂት ሰከንድ ቆም ይላል። ከዚያ በረጅሙ ስቦ ይቀጥላል። ይህ ከፍታ ላይ የተለመደ ነው፤ ብቻውን ከሆነ የአደጋ ምልክት አይደለም።

7. ቀላል ሲሆን፦ ባላችሁበት ቁሙ

ምልክት ያለበት ሰው ካለበት አንድ ሜትር እንኳን ከፍ ብሎ አይተኛ። ያርፍ፣ ይሙቅ፣ ይጠጣ። ለራስ ምታቱ ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን ይበቃል። ሐኪም አሴታዞላማይድ አዝዞለት ከሆነ ለሕክምና የሚወሰደው መጠን ከመከላከያው ይበልጣል፤ አስቀድማችሁ ጠይቁ። አብዛኛው ሰው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይሻለዋል። ምልክቱ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ መቀጠል ይችላል። በ24 ሰዓት ውስጥ ካልተሻለው፣ ወይም እያያችሁት ከባሰበት፣ ውረዱ። ብቻውን አትተዉት። «እናንተ ሂዱ፣ እኔ እዚሁ እጠብቃችኋለሁ» ሲል እሺ አትበሉት።

8. የጫማ ክሩ

ከዓመታት በፊት አምስት ሆነን ከሐዋሳ ሌሊት ተነሣን። በዚያው ቀን ሳነቴ ላይ አደርን። ማታ አብሮ አደጌ ራት አልበላም። «የመኪና መንገዱ ነው» አለ። አመንነው። ሌሊቱን አስመለሰው። «ብርድ መታኝ» አለ። አሁንም አመንነው።

ጠዋት ውርጩ ድንኳኑን ጨው የተነሰነሰበት አስመስሎት ነበር። እሱ ደፉ ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን ያስር ነበር። ክሩን ይይዛል፣ ያጠላልፋል፣ ይለቀቅበታል። እንደገና ይይዛል። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ አየሁት። ቀና ሲል «ይህ ክር የማን ነው?» አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ከዚያ ጫማውን ተመለከትኩ። የቀኙን በግራ እግሩ ነበር ያደረገው።

አንጎሉ እያበጠ ነበር። ይህ ከሁለቱ ገዳይ ዓይነቶች አንዱ ነው። የሚታወቀው በጠባይ መለወጥ፣ በመዘባረቅ፣ በእንቅልፍ መጫጫን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እንደሰከረ ሰው በመንገዳገድ ነው። ፈተናው ቀላል ነው። መሬት ላይ መስመር አስምሩ። የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት እያስነካ አሥር እርምጃ ይሂድበት። ከተንገዳገደ ወይም ከመስመሩ ከወጣ ክርክሩ አበቃ። ጤነኛ ጓደኛም አጠገቡ ይሂድና አነጻጽሩ፤ መሬቱ ወጣ ገባ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ገዳይ ሳንባ ውሃ ሲቋጥር ነው። ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ሌሊት አካባቢ ይመጣል። ራስ ምታት ሳይኖርም ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ራሱን ያላመመውንም ጠይቁ። መጀመሪያ ትናንት ቀድሞ የሚሄደው ሰው ዛሬ ወደኋላ ይቀራል። ደረቅ ሳል ይጀምረዋል። ከዚያ ቁጭ ብሎ እንኳን ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ደረቱ ይጨንቀዋል፣ ከንፈሩና ጥፍሩ ይጠቁራል። ሲብስ አረፋ ያለው ሮዝ አክታ ይወጣል። ጆሮአችሁን ጀርባው ላይ ስታሳርፉ እንደሚፈላ ውሃ የሚንተከተክ ድምፅ ልትሰሙ ትችላላችሁ። ሰዎች «የሳንባ ምች ነው» ይሉታል። ምንም ይሁን ምን ፈውሱ መውረድ ነው።

9. ውረዱ፤ ሌሊትም ቢሆን

መንገዳገድ፣ መዘባረቅ ወይም ቁጭ ብሎ ትንፋሽ ማጠር ከታየ «ይንጋ» አይባልም። ቢያንስ ከ300 እስከ 1,000 ሜትር ዝቅ በሉ። ካልተሻለው ቀጥሉ።

ሳነቴ ላይ ያ አታላይ የመኪና መንገድ አሁን ባለውለታ ይሆናል። ወደ ጎባ ስትወርዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ትቀንሳላችሁ። ስለዚህ አድራችሁ የምትወጡ ከሆነ መኪናውን መልሳችሁ አትላኩ። ሹፌሩም ለመንዳት የሚችል፣ ያልጠጣና ያረፈ ይሁን። መኪና የማይደርስበት ሸለቆ ውስጥ ከሆናችሁ ፈረስ ያስፈልጋል። ፈረስ ስትከራዩ ዕቃ የማይጫንበት አንድ ትርፍ ፈረስ ጨምሩ። ገንዘቡ አይቆጫችሁም።

ሳንባው የታመመው ሰው በእግሩ አይውረድ፤ ድካም ያባብስበታል። ቀና ብሎ ይቀመጥ፣ ይሸፈን። አንጎሉ የታመመውን ከሁለት ወገን ያዙት፣ የራሱን ውሳኔ አትጠይቁት። ኦክስጅን ካለ ስጡ። ሐኪም አስቀድሞ ለድንገተኛ ነገር አዝዞላችሁ ከሆነ ለአንጎሉ ዴክሳሜታዞን፣ ለሳንባው ኒፈዲፒን የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ። ጊዜ ይገዙላችኋል እንጂ መውረድን አይተኩም።

አብሮ አደጌን ደግፈን መኪና ውስጥ አስገባነው። ግማሽ መንገድ ላይ ዝም ብሎ መስኮት መስኮቱን ያይ ነበር። ጎባ ልንገባ ስንል «ጫማዬን ማን ነው ያጠለቀልኝ?» አለ፣ ተናድዶ። ሁላችንም አለቀስን። እንዲያም ሆኖ ወደ ሐዋሳ አልቀጠልንም። ሆስፒታል ወሰድነው፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ። መሻሻል ማለት መዳን አይደለም።

10. ከወረዳችሁ በኋላ

ለሐኪሙ ሦስት ነገር ንገሩት፦ ስንት ሜትር ላይ እንደነበራችሁ፣ ስንት ሌሊት እንዳደራችሁ፣ የመጀመሪያው ምልክት በስንት ሰዓት እንደታየ። የተወሰደውን መድኃኒት ከነመጠኑ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጡት። አንጎሉ ወይም ሳንባው የታመመ ሰው በዚያ ጉዞ ተመልሶ አይውጣ። በሌላ ጊዜ መውጣት ካማረው ሐኪም ያማክር፤ ከዚያም ዲንሾ ላይ ሁለት ሌሊት አድሮ ይጀምር። አብሮ አደጌ በዓመቱ እንደዚያ አድርጎ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ቆሟል። ማታ ማታ «ራትህን በላህ?» ብሎ ሁላችንንም እየዞረ የሚጠይቀው እሱ ነበር።